ከስጦታው በፊት ዋጋው

(የቡና ኩባንያዎች ለአምራቹ ማኅበረሰብ ሊያደርጉት ስለሚገባ ድጋፍና የእህል አምራች ማኅበራት ከዚህ ሊቀስሙት ስለሚችሉት ትምህርት በሉማሜ የቀረበ ንግግር)







ሉማሜ የጤፍና የስንዴ አገር ናት። የአዋበል ገበሬ ቡናን ከጀበና እንጂ ከማሳ አያውቀውም ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። በመሆኑም በእህል አምራቾች በዓል ላይ ስለ ቡና ኩባንያዎች መነጋገር ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

መልሱ አጭር ነው። የኢትዮጵያ ገበሬና ከባሕር ማዶ ያለ ትልቅ ኩባንያ ለረጅም ዘመን የተገናኙት በቡና ነው። ኩባንያ ለአምራቹ ምን ሊያደርግ እንደሚችል፣ አደረግሁ ብሎ የሚናገረው ምን እንደሆነ፣ በሁለቱም መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ከሁሉ ቀድሞ ያየው የቡና ገበሬ ነው። ዛሬ የዱቄት ፋብሪካውም፣ የብቅል ፋብሪካውም፣ የዘይት ፋብሪካውም ውል ይዞ ወደ እህል አምራቹ በሚመጣበት ጊዜ የቡና ገበሬው ያየውን ማወቅ ለሉማሜ አባል ይጠቅማል።

ደግሞም ቡና ለጎጃም ምድር ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ በምትገኘው በዘጌ ልሳነ ምድር ቡና በገዳማቱ ዙሪያ ባለው ደን ጥላ ሥር ከጥንት ጀምሮ ሲለማ ኖሯል። በአዊ በኩልም የቡና ልማት አለ። እንግዲህ ነገሩ የጎረቤት ነገር ነው።

1. ዋጋ ሲወድቅ ማን ይሸከማል?

«ቡና ዳቦ ነው» ይላል የቡና አገር ሰው። በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከላከችው ቡና ከ2.6 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ አግኝታለች። ከሚመረተውም ግማሽ ያህሉ እዚሁ አገር ቤት ይጠጣል። ይህንን ቡና በአብዛኛው የሚያመርተው ሰፊ እርሻ ያለው ባለሀብት ሳይሆን በጓሮውና በደን ጥላ ሥር ትንሽ ማሳ የያዘ አነስተኛ ገበሬ ነው።

የዓለም የቡና ዋጋ እስከ ሐምሌ 1981 ዓ.ም. ድረስ አምራችና ገዢ አገሮች በተስማሙበት የኮታ ሥርዓት ይደገፍ ነበር። ስምምነቱ ሲፈርስ ዋጋው በገበያ ነፋስ እጅ ወደቀ። በ1994 ዓ.ም. አንድ ፓውንድ ቡና፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው፣ በዓለም ገበያ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች እስከ መሸጥ ደረሰ። በዚያ ዘመን በሐረርጌ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ጥቂት አልነበረም። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ያው ፓውንድ በኒውዮርክ ገበያ ከ4 ዶላር በላይ ሆነ።

በዚህ ሁሉ መውጣትና መውረድ ውስጥ አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። ዋጋ ሲወድቅ ቆልቶ የሚሸጠው ኩባንያ ጥሬ ቡናውን በርካሽ ይገዛል፤ በከተማው ካፌ የሚሸጠው ስኒ ግን በዚያው ልክ አይረክስም። ጉዳቱ ወርዶ ወርዶ የሚያርፈው በገበሬው ጎተራና በልጆቹ ደብተር ላይ ነው። ስለዚህ አንድ የቡና ኩባንያ አምራቹን እደግፋለሁ ካለ የመጀመሪያው መለኪያ ዋጋ በወደቀበት ዓመት ያደረገው ነገር ነው። ዋጋ በተወደደበት ዓመት ሁሉም ገዢ ወዳጅ ይመስላል።

ለዚህ ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ የወለል ዋጋ ነው። ፌርትሬድ በሚባለው ፍትሐዊ የንግድ ሥርዓት የተመዘገቡ ገዢዎች ገበያው ምንም ያህል ቢወርድ ከተወሰነ ዋጋ በታች አይገዙም። ይህ ወለል ለታጠበ ዐረቢካ ቡና በፓውንድ 1.40 ዶላር ሆኖ ቆይቶ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 1.80 ዶላር ከፍ ብሏል። ገበያው ከወለሉ በላይ ከሆነ የሚከፈለው የገበያው ዋጋ ነው። ከዋጋው ሌላ በፓውንድ 20 ሳንቲም ለማኅበሩ ይታከላል። ከዚህም ቢያንስ 5 ሳንቲሙ ለምርታማነትና ለጥራት ማሻሻያ እንዲውል ተደንግጓል። የቀረው መንገድ ይሁን፣ ትምህርት ቤት ይሁን፣ ወይስ መጋዘን የሚለውን የሚወስኑት አባላቱ ራሳቸው ናቸው።

2. የስጦታ ሒሳብና የዋጋ ሒሳብ

ኩባንያዎች ወደ ቡና አምራች ቀበሌ ሲሄዱ በአብዛኛው የሚታየው ስጦታቸው ነው። የመማሪያ ክፍል ይሠራሉ፣ የውኃ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፣ ለጤና ኬላ አልጋ ይሰጣሉ። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ውኃ ለጠማው ሰው ውኃ ሲመጣለት «ለምን መጣ» የሚል የለም። ሆኖም ስጦታው ከዋጋው ጋር ተነጻጽሮ መታየት ይኖርበታል። ለዚህም እርሳስና ወረቀት ይበቃል።

አንድ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ቡና ይይዛል እንበል። ይህ 192 ኩንታል ነው። በፓውንድ 20 ሳንቲም ብቻ የዋጋ ልዩነት ቢኖር በአንዱ ኮንቴይነር ላይ ከ8,400 ዶላር በላይ ይሆናል። በዓመት አሥር ኮንቴይነር የሚገዛ ኩባንያ ዋጋውን በዚሁ በ20 ሳንቲም ዝቅ አድርጎ ገዝቶ፣ በሌላ በኩል በ30,000 ዶላር የመማሪያ ክፍል ቢያሠራ፣ ከ84,000 ዶላር በላይ ወስዶ 30,000 መለሰ ማለት ነው። በምርቃቱ ቀን የሚጨበጨበው ግን ለ30,000ው ነው። የቀረው በማንም አይታይም፤ ከየገበሬው ኪስ በጥቂት በጥቂቱ የወጣ ነውና።

ሒሳቡን ወደ ሉማሜ ማምጣት አያስቸግርም። አንድ ማኅበር 5,000 ኩንታል ስንዴ ለፋብሪካ ቢያቀርብና በኩንታል 100 ብር ቢጎድልበት የጎደለው 500,000 ብር ነው። ፋብሪካው በበዓል ቀን ሁለት ኮምፒዩተርና አንድ ጠረጴዛ ይዞ ቢመጣ አባሉ በፈገግታ ይቀበል፤ ነገር ግን የ500,000 ብሩን ጥያቄ እንዳይረሳ።

ይህ ሲባል ስጦታ ይቅር ለማለት አይደለም። ቅደም ተከተሉ እንዲጠበቅ ነው። በመጀመሪያ ትክክለኛ ሚዛንና ትክክለኛ ዋጋ ይምጣ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስጦታ በእውነት ስጦታ ይሆናል።

3. ገንዘቡ መቼ ይደርሳል?

ቀይ እሸት ቡና እንደ ጤፍ ክምር ቆሞ አይጠብቅም። በተለቀመበት ዕለት ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ካልደረሰ ጥራቱ ይበላሻል። ስለሆነም ማኅበሩ በለቀማው ወራት በየዕለቱ ጥሬ ገንዘብ በእጁ ሊኖረው ይገባል። ካዝናው ባዶ ከሆነ ገበሬው ማኅበሩን ቢወድም እንኳ ቡናውን ተሸክሞ ወደ ግል ሰብሳቢው ይሄዳል። የዓመት ልፋት በዚያች አንድ ሳምንት ከማኅበሩ እጅ ያመልጣል።

እዚህ ላይ ኩባንያው ሊሠራው የሚችል ትልቅ ሥራ አለ፤ ቅድመ ክፍያ መስጠት ወይም ለባንክ ዋስ መሆን። በፌርትሬድ ደንብ መሠረት የቡና ማኅበር ከጠየቀ ገዢው እስከ ውሉ ዋጋ 60 በመቶ የሚደርስ ቅድመ ክፍያ እንዲያገኝ ማመቻቸት ይጠበቅበታል። በኢትዮጵያም ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ከንብ ኢንተርናሽናል ባንክ ጋር የብድሩን ሥጋት በመጋራት የቡና ማኅበራት ብድር እንዲያገኙ ያደረገበት ጊዜ ነበር።

ብድርና ምክር ሲገናኙ ምን እንደሚያፈሩ የሚያሳይ ምሳሌ በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ፣ በአጋሮ አካባቢ ይገኛል። የዚያ አካባቢ ገበሬ ለብዙ ዘመን ቡናውን በጀንፈል እያደረቀ በዝቅተኛ ደረጃ ይሸጥ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ዱሮሚና የተባለ ማኅበር ተቋቋመ። ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት በንግድ አሠራርና በእሸት ቡና ዝግጅት አማከረው፤ ማኅበሩም በብድር የማጠቢያ ጣቢያ አቆመ። በ2004 ዓ.ም. የዚህ ማኅበር ቡና በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። መሬቱ ያው ነው፤ ዝናቡም ያው ነው። የተለወጠው የቡናው አያያዝ፣ የማኅበሩ ሒሳብና የገዢው ማንነት ነው።

የገንዘቡ ጉዞ ግን በመጀመሪያው ክፍያ አያበቃም። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. በ34 ማኅበራት ተመሠረተ። በዚያው ዓመት የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ እንዲያዝ ያዝዝ የነበረ ሲሆን፣ ዩኒየኑም ከትርፉ 70 በመቶውን ለአባል ማኅበራት የመመለስ አሠራር ተከተለ። በሥራ አስኪያጁ በአቶ ታደሰ መስቀላ እየተመራ ቡናውን በቀጥታ ለውጭ ቆዪዎች መሸጥ ጀመረ። የዩኒየኑ ትግልም በ1998 ዓ.ም. በወጣው «ብላክ ጎልድ» በተባለው ዘጋቢ ፊልም ለዓለም ታይቷል። የሲዳማና የይርጋጨፌ የቡና ገበሬዎች ዩኒየኖችም ተከትለው ተቋቁመው ይህንኑ መንገድ ያዙ።

አባሉ ቡናውን ሲያስረክብ አንድ ጊዜ ይከፈለዋል፤ ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ የትርፍ ድርሻውን ይቀበላል። ይህ ሁለተኛው ክፍያ ነው ገበሬውን ከነጋዴ ደንበኝነት ወደ ባለቤትነት የሚያሻግረው። ኩባንያው የሚከፍለው ተጨማሪ ዋጋ ወደ አባሉ የሚወርደው በዚህ ቦይ ነው። ቦዩ ከተደፈነ፣ ሒሳቡ ካልተመረመረ፣ ትርፉ ሳይከፋፈል ዓመታት ካለፉ፣ ኩባንያው የቱንም ያህል ቢከፍል አባሉ ዘንድ የሚደርስ ነገር የለም።

4. ስምም ሀብት ነው

በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚባሉት የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አመለከተ። ሥራውን የያዘው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ነበር። ሐሳቡ ገዢው ስሙን ያለ ክፍያ በፈቃድ እንዲጠቀም፣ ይሁን እንጂ የስሙ ባለቤት ኢትዮጵያ መሆኗን እንዲያውቅ ነው። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስም በመጀመሪያ ፈቃዱን ለመፈረም አልፈለገም፤ በምትኩ ሌላ ዓይነት የአካባቢ ማረጋገጫ ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት ዘመቻ ከፍቶ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ለኩባንያው ድምፃቸውን አሰሙ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች ስምምነት ተፈራረሙ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለኩባንያዎችም ለማኅበራትም ነው። ኩባንያ አንዳንድ ጊዜ ከኪሱ ምንም ሳያወጣ ሊረዳ ይችላል፤ የአምራቹን ስም በማክበር፣ የገዛው ቡና የየትኛው ማኅበር እንደሆነ በከረጢቱ ላይ በመጻፍ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ማገበያየት ሲጀምር ቡናው በየደረጃው ይደባለቅ ስለነበር የየትኛው ገበሬ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አይቻልም ነበር። ዩኒየኖች ግን በቀጥታ መላክ ስለተፈቀደላቸው የቡናቸውን አድራሻ ይዘው ቆዩ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051 ይህንኑ የምንጭ መታወቅ በሩን አሰፋው።

አዲስ አበባ እህል በረንዳ የሄደ ሰው «የጎጃም ጤፍ» ሲባል ይሰማል። ይህ ስም የአዋበልም፣ የእነማይም፣ የደጀንም ገበሬ ላብ ያፈራው ነው። ሆኖም ስሙን እየጠራ የሚሸጠው ሌላ፣ ከሌላ ጤፍ ጋር የሚደባልቀውም ሌላ ከሆነ ጥቅሙ ለገበሬው አይደርስም። ማኅበሩ የራሱን ምልክት በጆንያው ላይ ማተም፣ ደረጃውንም ጠብቆ ማቅረብ ቢጀምር ከይርጋጨፌ ገበሬ የሚለየው በሰብሉ ብቻ ይሆናል።

5. እውቀትና አዲስ ግዴታ

ዋጋና ስም ያለ ምርት ፍሬ የላቸውም። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋሙ 74110 እና 74112 የተባሉትን የመሳሰሉ ዝርያዎች መርጦ አውጥቷል። ችግኙን አባዝቶ ማድረስ፣ ያረጀ ቡና ተጎንድሎ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ገበሬውን ማገዝ ለኩባንያ ከባድ ወጪ አይደለም። የተጎነደለ ቡና እስኪያፈራ ግን ዓመታት ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ቤተሰቡ ምን ይብላ የሚለው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ገበሬው መጋዙን አያነሣም፤ ማንም አይፈርድበትም።

በዚህ ላይ አዲስ ግዴታ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ መሠረት ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተለማ መሬት የተገኘ ቡና ወደ ገበያው አይገባም፤ ለዚህም ቡናው የበቀለበት ማሳ ያለበት ቦታ በጂፒኤስ ተለክቶ መቅረብ አለበት። የሕጉ መጀመሪያ ቀን ከአንዴም ሁለቴ ቢራዘምም ልኬታው የማይቀር ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር የትንሽ ማሳ ባለቤት ተለክቶ ወጪውን ማን ይክፈል? ኩባንያው ወጪውን ቢሸፍንና መረጃውን በማኅበሩ እጅ ቢተወው ትልቅ ድጋፍ ነው። መረጃውን ለራሱ ብቻ ይዞ ቢሄድ ግን ገበሬው ወደ ሌላ ገዢ መዞር ይቸግረዋል፤ ድጋፍ የተባለውም ማሰሪያ ይሆናል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ቀይ ቡና የምትለቅመው፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተበላሸውን ፍሬ የምትለየው በአብዛኛው ሴት ናት። ጤፉን የምታርመውም እሷው ናት። ስሟ ግን በአባልነት መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ባልም ሚስትም አባል ሆነው የትርፍ ድርሻው ሁለቱም ባሉበት ቢከፈል ገንዘቡ ለቤት የመድረስ ዕድሉ ይሰፋል።

6. የሉማሜ አባል ምን ይጠይቅ?

የተከበራችሁ አባላት፣

ማንኛውም ኩባንያ ውል ይዞ ወደ ማኅበሩ ሲመጣ ጠቅላላ ጉባኤው አምስት ጥያቄዎች ቢያነሣ ይበጃል።

አንደኛ፦ ዋጋው በምን ይወሰናል? ገበያ ሲወድቅ የማይታለፍ ወለል አለው ወይ?
ሁለተኛ፦ ገንዘቡ መቼ ይከፈላል? ቅድመ ክፍያ ወይም የባንክ ዋስትና አለ ወይ?
ሦስተኛ፦ ውሉ ለስንት ዓመት ነው? ለአንድ ክረምት ብሎ መጋዘን የሚሠራ የለምና።
አራተኛ፦ ምርቱ የሚመዘነውና ደረጃ የሚወጣለት በማን ፊት ነው? ዝቅተኛ ነው ከተባለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል ወይ?
አምስተኛ፦ ለማኅበረሰቡ የሚደረገውን ልማት የሚመርጠው ማን ነው? ኩባንያው ወይስ ጉባኤው?

አባሉም በበኩሉ ያለበት ግዴታ ቀላል አይደለም። ያልበሰለ ቡና ከቀዩ ጋር እየቀላቀለ የሚያስረክብ ገበሬ የጎረቤቱን ዋጋ ያወርዳል። እርጥብ ስንዴ፣ አፈር የገባበት ጤፍ የሚያመጣም እንዲሁ። ገበያው በአሥር ብር በበለጠ ቁጥር ውሉን ትቶ ለነጋዴ የሚሸጥ አባል የማኅበሩን ቃል ያፈርሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያው ቅድመ ክፍያ ቢከለክል ማን ይወቀሳል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ሃምሳውም ሎሚውን ይዞ ሲገኝ ነው።

ለሥራ ኃላፊዎችም የሚነገር አለ። የኃላፊ ሥራ ኩባንያውን ተቀብሎ የመሠረት ድንጋይ የሚጣልበትን ቦታ መምረጥ አይደለም፤ ይህ የጉባኤው ድርሻ ነው። ከኃላፊው የሚጠበቀው የማኅበሩ ሒሳብ በየዓመቱ በወቅቱ እንዲመረመር፣ ሚዛኑ እንዲረጋገጥ፣ በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ በሥራ ላይ እንዲውልና ውል ያፈረሰ ወገን ገበሬም ይሁን ፋብሪካ እንዲጠየቅ ማድረግ ነው። ሒሳቡ ሦስት ዓመት ያልተመረመረ ማኅበር ከየትኛውም ኩባንያ ጋር በእኩልነት ሊደራደር አይችልም።

ባጭሩ፣ የቡና ኩባንያ ለአምራቹ ማኅበረሰብ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ድጋፍ ተገቢውን ዋጋ በወቅቱ መክፈል፣ በክፉ ዓመት አለመሸሽ፣ ስሙን ማክበርና የልማቱን ምርጫ ለገበሬው መተው ነው። ይህንን ለማግኘት የቡና ገበሬው መጀመሪያ የራሱን ማኅበር ማጠንከር ነበረበት። የጤፍና የስንዴ ገበሬውም መንገድ ከዚህ የተለየ አይሆንም። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የሒሳብ ሪፖርቱ ሲነበብ አባሉ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ቢሰማና ያልገባውን ቢጠይቅ ሥራው ከዚያ ይጀመራል።

መልካም የምሥረታ በዓል! አዝመራው የጥጋብ ይሁን!